የመረጥኩልሽ ዝምተኛ አምፕሊፋየር

ውድ ልጄ፣

ያን ረቡዕ መኪናዎቹ በሙሉ በአንዴ ቀጥ አሉ። የሥራ ቦታዬን ታውቂዋለሽ፤ አርባ የስፌት መኪና በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሲንጫጫ እርስ በርስ የምንነጋገረው በከንፈርና በእጅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ በሥራ ሰዓት ዋናው ማብሪያ ሲጠፋ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን እኛ “ሻለቃ” የምንላት የፈረቃ ኃላፊያችን፣ ያቺ መጸዳጃ ቤት የቆየነውን ደቂቃ የምትቆጥር ሴትዮ፣ በገዛ እጇ አጠፋችው። የሸሚዝ እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። መርፌዬ ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ።

“ይሄ መብራት ደግሞ ሄደ!” አለች አንዷ ከኋላ። መብራቱ ግን አልሄደም፤ አምፖሎቹ ከራሳችን በላይ በርተዋል። ሻለቃ በመኪናዎቹ መሃል ቀስ እያለች መጣች። ሁላችንም አንገታችንን ቀብረን ጠበቅን። እኔ በልቤ “ወደ እኔ ብቻ አትምጣ” አልኩ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ፤ ወደ ጎረቤቴ ትሂድ ማለቴ ነበርና። መጥታ ወንበሬ ጎን ተንበረከከችና “ተነሽ እህቴ” አለችኝ። እህቴ ብላኝ አታውቅም። የሆነውን ያወቅኩት በዚያች ቃል ነው። የሚኒባሱንና የጭነት መኪናውን ግጭት፣ ወደ መነጽር ቤቱ ወደ ሥራሽ እየሄድሽ እንደነበር፣ ሌላውን ሁሉ የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት አምስት ወር ሆነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ እንዳቆምኩ ታውቂያለሽ፤ እጄም መርፌ እንጂ ብዕር አልለመደም። ሁለት መስመር እጽፍና አነበዋለሁ፣ ያስጠላኛል፣ እቀደዋለሁ። ዛሬ ግን አልቀደውም። ልነግርሽ የምፈልገው የዚያችን አምፕሊፋየር ነገር ነው። ሰው ቢሰማ “ልጇ ሞታ ስለ ዕቃ ታወራለች” ይለኝ ይሆናል። ይበል።

ጊታሩን ይዘሽ የገባሽበትን ቀን አስታውሰዋለሁ። በመጀመሪያ ደሞዝሽ ከሥራ ባልደረባሽ የገዛሽው ቀዩ፣ ጥጉ ላይ ቀለሙ የተላጠው።

“ኤሌክትሪክ ነው እማዬ” አልሽኝ።

“ታዲያ ሶኬቱ የታለ?”

“በራሱ አይሰካም፤ አምፕሊፋየር ይፈልጋል። ድምፁን የሚያወጣው እሱ ነው።”

“ያለ እሱስ?”

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ ነካካሽው። ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ የምታሰማውን ዓይነት ድምፅ አወጣ።

“ይኼማ ጥሩ ነው። በዚሁ ቀጥይ” አልኩሽ። አንቺ የቀለድኩ መስሎሽ ከት ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

የቤታችንን ሕግ አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። አባትሽ ሌሊት የመጋዘን ጥበቃ ሆኖ ያድራል፤ ቀን ይተኛል። ክፍሎቹ ሁለት ናቸው፤ በመሃላቸው ያለው ግድግዳ ደግሞ ስም ብቻ ነው። ገና ዳዴ ስትዪ ጀምሮ “አባትሽ ተኝቷል” እያልኩ አሳደግኩሽ። የድስት ክዳን ያለ ድምፅ መክፈት የቻልሽው በአራት ዓመትሽ ነው። ለጎረቤቶች እንደ ቁም ነገር እያወራሁ ስኮራበት ኖሬያለሁ።

አምፕሊፋየር ልትገዢ ስትነሺ “ብቻሽን አትሄጂም፤ የምመርጠው እኔ ነኝ” አልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረን ወጣን። የሙዚቃ ዕቃ ሻጩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰውዬ ነበር። ገና ሰላም ሳትዪው “መነጽርዎ በአንድ በኩል ዘሟል፤ ሱቃችን ብቅ ካሉ ባንድ ደቂቃ አቃናልዎታለሁ” አልሽው። ሰውየው ወዲያው ወደደሽ።

“ለመድረክ ነው ለቤት?” ሲል ጠየቀ።

“ለቤት!” አልነው እኩል።

“ለቤት መለማመጃ ከሆነ ትልቅ አያስፈልግም። ይቺ አምስት ዋት ናት፣ ይኼ አሥር፣ ይኼ ጥቁሩ ሃያ።”

“ባለ ዜሮ የለም?” አልኩት።

“እማማ፣ ባለ ዜሮውማ ባዶ ሣጥን ነው። ሣጥን ላምጣልዎት?”

አንቺ ፊትሽን በሁለት እጅሽ ሸፈንሽ። እኔ ግን ሥራዬን ጀመርኩ። ሁሉንም አንድ በአንድ አስበራሁት፤ ጊታር ሳይሰካባቸው ባዷቸውን። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን እያስጠጋሁ አዳመጥኳቸው። የስፌት መኪና የሚመረጠው እንዲህ ነው። ባዶውን ታስነሺዋለሽ፣ ታዳምጪዋለሽ። ድምፁ ዝቅ ያለው ደህና ነው፤ የሚንቋቋው ጥርሱ ያለቀ ነው። በሕይወቴ በሚገባ የማውቀው ነገር ይኼ ብቻ ስለሆነ፣ የድምፅ ዕቃንም በዝምታው መረጥኩት። አንዱ እዝዝ ይላል፣ አንዱ ይተነፍሳል፣ አንዱ ጭራሽ ዝም። በዝምተኛው ደስ አለኝ።

“እማዬ፣ ኧረ ሰው እያየን ነው” አልሽኝ በሹክሹክታ።

“ይይ! ዕቃ የምትገዛ ሴት አይተው አያውቁም?”

ሻጩ “እስቲ አንቺ ደግሞ ሞክሪ” ብሎ ገመዱን ጥቁሩ ላይ ሰካልሽ። በርጩማ ላይ ተቀመጥሽ። እግርሽን አስተካከልሽና ጀመርሽ።

አሁን የምነግርሽን ያኔ አልነገርኩሽም። ሰማሁት። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ፣ ከዚያ እያደገ ወጣና ደረቴ ላይ አረፈ፤ በጆሮዬ ሳይሆን በጎድኔ የሰማሁት መሰለኝ። የክንዴ ፀጉር ቆመ። አንቺን አየሁሽ። ዓይንሽን ጨፍነሻል፤ ፊትሽ ደግሞ እኔ የማላውቀው ሰው ፊት ነው። ደነገጥኩ። ያ ድምፅ ቤታችን አይበቃውም ብዬ ነው፣ ወይስ ድምፁ ይዞሽ ከቤታችን ይወጣል ብዬ፣ እስከ ዛሬ ለይቼ አላወቅኩትም።

“በቃ በቃ፣ ተሰማ” አልኩሽ።

“እስኪያልቅ ልጫወተው እማዬ።”

“ተሰማ ብያለሁ።”

መዳፍሽን ክሮቹ ላይ ጋደም አደረግሽው፤ ፀጥ አለ። በንዴት አልነበረም። ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብለሽ ነው ያደረግሽው። ብትቆጪ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሻጩ ዝምተኛዋን ትንሿን አነሳና ጎኗ ላይ ያለች ቀዳዳ አሳየኝ። “ይቺ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ናት። ማዳመጫው ሲሰካ ሣጥኗ ዝም ትላለች፤ ከምትጫወተው ሰው በቀር ማንም አይሰማም።”

“ማንም?”

“ማንም።”

“እኔ አጠገቧ ተቀምጬም?”

“እርስዎም።”

“እሷን ጠቅልልልን!”

ሰውየው ግን ቅን ነበር፤ አልጠቀለለም። ወደ አንቺ ዞሮ “እህት፣ ልንገርሽ፣ ስፒከሯ መዳፍ ታክላለች። ማዳመጫውን ነቅለሽ ከፍ ስታደርጊያት ትታነቃለች። ለጀማሪ ደህና ናት፤ ስታድጊ ግን...” ሲል አቋረጥኩት።

“ከዚህ በላይ ወዴት ልታድግ ነው? በሩን ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው!”

ሱቅ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ፤ ነገሩም በሳቁ መሃል አለቀ። አውቶቡስ ውስጥ ሣጥኗን ጭንሽ ላይ አስቀምጠሽ በሁለት እጅሽ ይዘሻት፣ “አመሰግናለሁ እማዬ” አልሽኝ። እኔም በጣም ብልህ ሴት የሆንኩ መሰለኝ። አንቺ ጊታርሽን አገኘሽ፣ አባትሽ እንቅልፉን፣ እኔ ጸጥታዬን። ከዚያ ወዲያ ምን ጎደለ?

ሦስት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስትመለሺም በዕረፍት ቀንሽም ተጫወትሽ። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ የማየው ጣቶችሽን ነበር። ለምሳ ስጠራሽ አትሰሚም፤ ፊትሽ ቆሜ ማንኪያ አወዛውዛለሁ። አንዳንዴ ከንፈርሽን ነክሰሽ ራስሽን ትነቀንቂያለሽ፤ አንዳንዴ ብቻሽን ፈገግ ትያለሽ። ምን ሰምታ ይሆን ብዬ እንኳ አስቤ አላውቅም። በመስታወት በኩል ሰው ሲያወራ እንደማየት ነበር፤ ግን ለመድኩት።

ወደዚያች እሑድ ልምጣ። ብዕሬ እየፈራ ነው የሚሄደው።

ዝናብ ነበር። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የሰው ቀሚስ እየዘመዘምኩ ነበር። ማዳመጫውን በሁለት እጅሽ ከፍተሽ ይዘሽ መጣሽ፤ ለሕፃን ኮፍያ እንደሚያጠልቅ ሰው።

“አንዴ ስሚልኝ እማዬ። ራሴ የሠራሁት ነው።”

“ይቺን ዘምዝሜ ልጨርስ።”

ቆምሽ። ቀሚሱ ሰፊ ነበር፤ ዙሩ አያልቅም። የእኔም እጅ አልፈጠነም። ጨርሼ ቀና ስል አልነበርሽም። ክፍልሽ ገብተሽ ማዳመጫውን ራስሽ አድርገሽዋል፤ ጀርባሽን ነው ያየሁት። ሦስት እርምጃ ነበር። መጥቼ ትከሻሽን ነካ አድርጌ “በይ አምጪው” ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ቀሚሱን ልተኩስ ካውያ ሰካሁ። አንቺም ሁለተኛ አልጠየቅሽኝም፤ እኔም ሁለተኛ አላነሳሁትም። ይኸው ነው። ይህን ለአባትሽም ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ከሄድሽ በኋላ ሊያጽናናን ከመጣው ሰው ሁሉ አንድ ቀን በሩን የሞላ ሰው መጣ። ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ እጁ አካፋ የሚያክል። “እማማ፣ እኔ ጩጬ ነኝ” አለኝ። እሑድ ጠዋት ጠዋት “ጩጬ ጋ ልምምድ አለን” እያልሽ ስትወጪ የአሥር ዓመት ልጅ ነበር የሚመስለኝ! በዚያ ሐዘን መሃል ሳቄ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። ጎሚስታ ነው፤ እሑድ ጎማ መጠገኛው ሲዘጋ እዚያው ውስጥ ድራም ይመታል፣ እናንተም ከጎማ ክምር መሃል ትጫወቱ ነበር። ያንን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው።

ዓይኑ ሣጥኗ ላይ ሲያርፍ አየሁት።

“ስለ እሷ ምን ትላችሁ ነበር?” አልኩት።

“እናሾፍባት ነበር እማማ። አንዴ ይዛት መጥታ ከኔ ድራም ጋር ስትወዳደር ትንኝ አከለች። ‘ጣሊያት’ ስንላት ትቆጣለች። ‘እናቴ አንድ ሰዓት ሙሉ ጆሮዋን ለጥፋ ነው የመረጠችልኝ፤ የእናንተን ማን መረጠላችሁ?’ ትለናለች።”

ይኼ ልቤን ሊያሳርፈው ነበር። ግን አላመንኩትም።

“ሌላስ? አትደብቀኝ።”

ጢሙን አከከ። “አንዳንዴ... ‘አፌ በሻሽ ታስሮ የማወራ ይመስለኛል’ ትል ነበር።”

ሁለቱንም ስለነገረኝ አመሰገንኩት። ሁለቱም የአንቺ ናቸው፤ ሁለቱንም በድምፅሽ ነው የሰማኋቸው። አባትሽ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሲሰማ ቆይቶ ድንገት አፉን ከፈተ።

“ስትጫወት እግሯን መሬት ትመታ ነበር” አለ። “ተኝቼ እሰማዋለሁ።”

“ይቀሰቅስህ ነበር?”

“ኧረ ወዲያ! እንቅልፍ የሚወስደኝ በሱ ነው። አሁን ነው እንጂ የተቸገርኩት፤ ቀኑን ሙሉ ጣራ ሳይ እውላለሁ።”

“ታዲያ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ድምፅ እንደማይረብሽህ ለምን አልነገርከኝም?”

“መቼ ጠየቅሽኝ?”

ልጄ፣ እውነቱ ይኸው ነው፤ የአባትሽ እንቅልፍ ሰበብ ነበር። ጸጥታውን የፈለግኩት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ አርባ መኪና ጆሮዬ ውስጥ ሲፈጭ ውሎ ማታ ቤቴ ስገባ ማንም፣ ምንም፣ እንዲናገረኝ አልፈልግም ነበር። “ደክሞኛል” ብዬ ብነግርሽ ይገባሽ ነበር፤ አንቺ ያልገባሽ ነገር ነበር እንዴ? ግን እናት ደከመኝ አትልም ብዬ የአባትሽን እንቅልፍ ፊቴ አቆምኩት።

ጩጬን አንድ ነገር ጠየቅኩት። ያን ራሷ የሠራችውን ታውቀዋለህ ወይ አልኩት። “አውቀዋለሁ፣ ግን እኔ እኮ ድራም መቺ ነኝ፤ ጊታር በእጄ አይገባም” አለ። “ሞክር” አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ከጎማው ሥራ እየሰረቀ ሲለማመድ ሰንብቶ እሑድ እኩለ ቀን ላይ መጣ። እጁን በሳሙና ሁለቴ ታጠበ። ጊታርሽ እቅፉ ውስጥ መጫወቻ መሰለች። ማዳመጫውን ከቀዳዳዋ የነቀልኩት እኔ ነኝ። አባትሽ አልጋው ላይ ቀና ብሎ ተቀመጠ።

ተጫወተው። ሻጩ እውነቱን ነበር፤ ሣጥኗ ገና ከፍ ስትል ታነቀች። ስፒከሯ ተርገበገበ፣ ወፍራሙ ክር በተነካ ቁጥር ድምፁ ተሰነጠቀ። ጩጬም ይሳሳታል፤ “ይቅርታ እማማ” ይልና ወደ ኋላ ይመለሳል። ግን የእኔ ጆሮ የጨርቁን ጉድለት ከስፌቱ ጉድለት መለየት የለመደ ነው። የሣጥኗን ለሣጥኗ፣ የጩጬን ለጩጬ ሰጠሁና የቀረውን ሰማሁ። የቀረው ያንቺ ነበር። ቀስ ብሎ የሚወጣ፣ ሊደርስ ሲል ሐሳቡን ቀይሮ በጎን የሚዞር፣ እንደገና የሚሞክር። ምን ዓይነት ሰው እንደነበርሽ ነገረኝ፤ ቤቴ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት የኖረችውን ሴት። አስቂኝ ቦታም አለው፤ እዚያ ጋ ስትደርሺ ነበር ለካ ብቻሽን ፈገግ የምትዪው። አባትሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። “በቃ” አላልኩም። እጄን በእጄ ይዤ አላልኩም።

መሃል ላይ ቆመ።

“ቀጥል” አልኩት።

“እዚህ ድረስ ነው እማማ። መጨረሻውን ገና አልሠራችውም ነበር። ስንጠይቃት ‘ይመጣል’ ትል ነበር።” ጊታርሽን ጭኑ ላይ አጋድሞ “ከፈቀዱ እኛ እንጨርስላት?” አለኝ።

“አትንኩት” አልኩ። አባትሽም ከግድግዳው ሳይዞር “አትንኩት” አለ። እሑድ እሑድ እየመጣ እዚያ ድረስ ይጫወትልናል። መስኮቱን እከፍተዋለሁ። አንዳንዴ አባትሽ ከመሃሉ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ ጩጬ ዝቅ ሊያደርገው ሲል በእጄ እከለክለዋለሁ።

ልጄ፣ ያቺን ቀዳዳ አልወቅሳትም። ለብዙ ቤት ሰላም ትሰጣለች፤ የታመመ ያለበት ቤት አለ፣ ግድግዳ የሚጋራ ሰው አለ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማዳመጫው ሁለት ጆሮ ነበረው፣ አንዱን ላፍታ አውሺኝ ብልሽ ደስ ይልሽ ነበር። እንደ እኔ ልጁን ይዞ እንዲህ ያለ ዕቃ ለመምረጥ የሚሄድ ሰው ቢያጋጥመኝ ስለ ዋት አልነግረውም፤ ያንን ሻጩ ያውቃል። ልጅህ በርጩማው ላይ ስትቀመጥ እስክትጨርስ ድረስ ቁም፣ ሰው ቢያይህም ቁም፣ እለዋለሁ።

ይቅርታሽን እለምናለሁ። እዚያ ባለሽበት አፍሽን የሚያስር ሻሽ እንደሌለ አምናለሁ፤ ካላመንኩማ እንዴት ውዬ አድራለሁ? ደህና ሁኚ የኔ ረጅም። ስመጣ መጀመሪያ እሰማሻለሁ፤ ወሬዬን በኋላ አወራሻለሁ።

እናትሽ

ደብዳቤው ለልጄ የጻፍኩት ነው፤ ለጋዜጣው አንባቢያን ገጽ የሰጠሁት ግን እናንተ እንድታነቡትና አንድ ነገር እንድታደርጉልኝ ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለልጄ ነፍስ ጸልዩላት። “የልብስ ሰፊዋ ልጅ” ብትሉ ይበቃል፤ ፈጣሪ ያውቃታል። በልባችሁ ግን አይሁን። ጎናችሁ የተኛ ሰው ቢኖርም፣ ጎረቤት ቢሰማም፣ እባካችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ጸልዩላት።